ከተፋቀ በኋላ የሚቀር ጽሑፍ
በአሮጌ የጀርመን ጠመንጃዎች ላይ የሚገኙ የባለቤትነት ምልክቶችና ምልክቶቹን የምናነብበት ፊዚክስ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጎፋ ባሉት ጋራዦችና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ውስጥ በየዕለቱ የሚታይ አንድ ተራ ነገር አለ፤ ብረት ላይ የተመታ ቁጥር። የተሽከርካሪ ሻንሲም ሆነ ሞተር የየራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም የተነካካ መስሎ ከታየ ገዥ ይጠራጠራል፣ መርማሪ ይጠይቃል፣ ነገሩም እስከ ፖሊስ ሊደርስ ይችላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብረት በራሱ አይናገርም፤ ከየት እንደመጣና የማን እንደሆነ የሚመሰክርለት በላዩ የተመታው ምልክት ነው።

ይህ እውነት ከተሽከርካሪ ይልቅ በጦር መሣሪያ ላይ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። አንድ አሮጌ ጠመንጃ ከፋብሪካ ወጥቶ ሠራዊት ዘንድ ይደርሳል፤ ይማረካል፣ ይሸጣል፣ ይወረሳል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም አዲስ ምልክት ሊታተምበት ይችላል። በአገራችን ደግሞ ከአድዋ በፊት ጀምሮ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የመጡ ጠመንጃዎች ስለተከማቹ፣ እነዚህን ምልክቶች ማንበብ የታሪካችንን አንድ ክፍል ማንበብ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ትኩረታችንን በጀርመን ማውዘርና በዘመዶቹ ላይ አድርገን፣ ምልክቶቹ እንዴት እንደሚነበቡ፣ ሲፋቁም ፊዚክስ ስለ እነርሱ ምን ሊነግረን እንደሚችል ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ምልክት ሁሉ የባለቤትነት ምልክት አይደለም

በጀማሪ ሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደው ስሕተት በጠመንጃ ላይ የሚታየውን ማኅተም ሁሉ የባለቤቱ አድርጎ መውሰድ ነው። በአንድ የጀርመን ጠመንጃ ላይ ግን ቢያንስ አራት ዓይነት ምልክቶች ተደራርበው ሊገኙ ይችላሉ። የመጀመሪያው የሠሪው ምልክት ሲሆን የትኛው ፋብሪካ መቼ እንደሠራው ይነግረናል። ሁለተኛው የመርማሪው ምልክት ነው። በጀርመን የመሣሪያ መሥሪያ ቤት የተመደቡ መርማሪዎች ፍተሻውን ላለፈ እያንዳንዱ ክፍል ትንሽ ንስርና ቁጥር ይመቱበት ነበር። ይህ ንስር «ተፈትሿል፣ ተቀባይነት አግኝቷል» ከማለት በቀር መሣሪያው በማን እጅ እንዳገለገለ አይናገርም። ሦስተኛው መለያ ቁጥሩ ነው። አራተኛው የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ የሆነው የባለቤትነት ምልክት ነው።

የባለቤትነት ምልክት ምን እንደሚመስል ለማየት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት እንነሣ። በዚያን ጊዜ በጀርመን እጅግ ብዙ ጠመንጃ በየሰዉ እጅ ተበትኖ ነበር። መንግሥት በሕጋዊ መንገድ የያዛቸውን መሣሪያዎች ከሌላው ለመለየት «1920» የሚል ቁጥር መታባቸው። ስለዚህ አንድ ጠመንጃ «1917» እና «1920» የሚሉ ሁለት ዓመታት ቢኖሩት ሁለት ጊዜ ተሠራ ማለት አይደለም። አንደኛው የልደት ዘመኑ፣ ሁለተኛው የመንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያረጋግጥ ማኅተም ነው። በባሕር ኃይሉ መሣሪያዎች የሰደፍ ብረት ላይ ደግሞ «ኦ» ወይም «ኤን» የሚሉ የላቲን ፊደላት ከቁጥር ጋር ይገኛሉ፤ የባልቲክና የሰሜን ባሕር ጣቢያዎችን ያመለክታሉ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ያው ጠመንጃ ሌላ ጌታ ሊያገኝ ይችላል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1945 ጀርመኖች ትተዋቸው የሄዱትን ጠመንጃዎች ስትወርስ የምድር ጦርዋንና የአየር ኃይልዋን ስም አትማባቸዋለች። እስራኤል የዳዊትን ኮከብ መትታባቸዋለች። ምልክቶቹ እንደ ድንጋይ ንጣፍ ናቸው፤ ከሥር ያለው ይቀድማል፣ ከላይ ያለው ይከተላል።

ማንነትን ለመሰወር የተፈጠሩ ፊደላት

የጀርመን ምልክቶች ለንባብ አስቸጋሪ የሆኑበት ምክንያት አለ። ከቬርሳይ ስምምነት በኋላ ጀርመን የምታመርተው የጦር መሣሪያ የተገደበ ስለነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የፋብሪካው ስምና ዘመኑ በስውር መለያ ተተካ። በኦበርንዶርፍ ከተማ የሚገኘው የማውዘር ፋብሪካ «ኤስ/42» የሚል መለያ ተሰጠው። ዓመቱም በፊደል ተሸፈነ፤ «ኬ» ማለት 1934፣ «ጂ» ማለት 1935 ነበር። በጦርነቱ ወቅት የቁጥር መለያዎቹ ቀርተው የፊደል መለያዎች መጡ። ለምሳሌ «ቢ-ዋይ-ኤፍ» የኦበርንዶርፉ ማውዘር፣ «ቢ-ኤን-ዜድ» የኦስትሪያው ሽታየር፣ «ዲ-ኦ-ቲ» ደግሞ በጀርመን ቁጥጥር ሥር የነበረው የብርኖ ፋብሪካ ነው።

መለያ ቁጥሩም የራሱ ስሌት አለው። በየዓመቱ ቁጥሩ ከአንድ ይጀምርና ወደ አሥር ሺህ ሲደርስ እንደገና ከአንድ ይነሣል፤ በዚህ ጊዜ ግን በላቲን ፊደላት ተራ አንድ ፊደል ይታከልበታል። ስለዚህ «4521» ከተሰኘው ቁጥር ጎን ሦስተኛው ፊደል «ሲ» ቢገኝ፣ ፊደል የሌለው የመጀመሪያው አሥር ሺህ፣ ከዚያም የ«ኤ» እና የ«ቢ» አሥር ሺዎች አልፈዋል ማለት ነው። ጠመንጃው በዚያ ዓመት ከዚያ ፋብሪካ ከወጡት 34,521ኛው አካባቢ ይሆናል። የፋብሪካ መለያው፣ ዓመቱና ፊደሉ አንድ ላይ ካልተመዘገቡ ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ያንኑ ቁጥር የያዙ ሌሎች ብዙ ጠመንጃዎች አሉና።

የኢትዮጵያ ምልክቶች

ሕዝባችን ለመሣሪያ የሰጣቸው ስሞች ራሳቸው ምልክት ናቸው። «ሰናድር» የስናይደርን፣ «ምንሽር» የማንሊኸርን፣ «ማውዘር» የማውዘርን ስም ተሸክመዋል። «ቤልጂግ» ደግሞ የሠሪውን አገር ስም ይዟል። ነፋስ ስልክ የሚለው የሰፈር ስም የገመድ አልባውን ጣቢያ እንደሚያስታውሰን ሁሉ፣ እነዚህም ስሞች መሣሪያው ከየት እንደመጣ ሳይጻፍ ያቆዩልን ማስረጃዎች ናቸው።

ቤልጂግ ከጀርመኑ ጠመንጃ የራቀ አይደለም። በሊየዥ አቅራቢያ በኤርስታል የሚገኘው የኤፍ-ኤን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1889 የተቋቋመው ለቤልጂየም ጦር ማውዘር ለመሥራት ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያወጣቸው የ1924 እና የ1930 ሞዴሎች የማውዘር ልጆች ናቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ሠራዊቱን ለማዘመን ሲጥር ከእነዚህ ጠመንጃዎች ገዝቷል፤ ለኢትዮጵያ ከተሠሩት መካከልም የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው ይገኛሉ። አንበሳው የሚገኘው አፈሙዙ ከጠመንጃው አካል ጋር በሚገናኝበት የብረት ቀለበት አናት ላይ ነው። ማውዘር ራሱ ለውጭ ገበያ ያመርተው ከነበረው «ስታንዳርድ ሞዴል»ም ኢትዮጵያ ገዝታለች።

በሌሎች መሣሪያዎች፣ በተለይም በሰደፍ እንጨት ላይ፣ በግዕዝ ፊደልና አኃዝ የተመቱ ምልክቶች ይገኛሉ። እዚህ ላይ የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ ይደናገራሉ። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ቦታም አይጠብቅም። ፫፻፵፯ ማለት ሦስት መቶ፣ አርባ እና ሰባት፣ በጠቅላላው 347 ነው። ምልክቶቹን እንደ ጌጥ የሚያይ ሰው ግን አራት የማይገናኙ ሥዕሎች ይመስሉታል።

ሌላው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ አንድ ጠመንጃ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምልክትና ፲፱፻፳፯ የሚል ዓመት አብረው ቢገኙ፣ ፈረንጁ 1927ን በራሱ አቆጣጠር ወስዶ «ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑት በ1930 ነው፤ ስለዚህ ማኅተሙ ሐሰተኛ ነው» ሊል ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ግን 1927 ዓ.ም. ከመስከረም 1934 እስከ መስከረም 1935 እ.ኤ.አ. ድረስ ያለው ጊዜ ነው። እውነተኛውን ዕቃ ሐሰተኛ ለማሰኘት የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይበቃል።

ስም የሌላቸው አሥር ሺህ ጠመንጃዎች

እስካሁን ስለ ተመቱ ምልክቶች ተናገርን። በታሪካችን ውስጥ ግን ትልቁ ጥያቄ የሚነሣው ምልክት ስለሌላቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1935 የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ አብዛኞቹ የአውሮፓ መንግሥታት ለኢትዮጵያ መሣሪያ ከመሸጥ ተቆጠቡ። በዚህ ጊዜ የጀርመንና የኢትዮጵያ ዝርያ የነበራቸው የመንግሥት አማካሪ ዴቪድ ሆል በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ወደ በርሊን ሄዱ። አባታቸው ሞሪትስ ሆል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በጋፋት መድፍ ከሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። በወቅቱ ሂትለር በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ተቃቅሮ ነበር። ጣሊያን በአፍሪካ ጦርነት ተጠምዳ ብትቆይለት ስለሚጠቀም፣ ለኢትዮጵያ በምሥጢር መሣሪያ እንዲሰጥ ፈቀደ። የተላከው 10,000 የማውዘር ጠመንጃና 10 ሚሊዮን ጥይት እንደነበረ ተመዝግቧል፤ ለአንድ ጠመንጃ አንድ ሺህ ጥይት ማለት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገልጹት፣ ጣሊያን እንዳታውቅ ሲባል የጀርመን ምልክቶች ከመሣሪያዎቹ ላይ እንዲነሡ ተደርጓል።

እንግዲህ የፊዚክስ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። ምልክት የሌለው ማውዘር ቢገኝ፣ ምልክቱ መጀመሪያውኑ አልተመታም ነበር ወይስ ተመትቶ ተፋቀ? ከተፋቀስ በፋብሪካ ነው ወይስ ከብዙ ዓመት በኋላ በሌባ ሞረድ? በዓይን ሲታዩ ሁሉም ባዶ ብረት ናቸው። ውስጣቸው ግን አንድ አይደለም።

ብረት ለምን አይረሳም?

ብረት አንድ ወጥ ቢመስልም ከብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎች የተገነባ ነው። በየክሪስታሉ ውስጥ አቶሞች በሥርዓት ተሰልፈዋል። ቀጭን ሽቦ በጥቂቱ ብናጎብጥና ብንለቅቀው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ አቶሞቹ ከቦታቸው አልተለያዩምና። አብዝተን ብናጥፈው ግን እንደታጠፈ ይቀራል። የአቶሞቹ ረድፎች እርስ በርስ ተንሸራተዋል፤ በክሪስታሎቹ ውስጥም ዲስሎኬሽን የሚባሉ የሰልፍ ጉድለቶች በብዛት ተፈጥረዋል። የታጠፈውን ቦታ መልሰን ለማቃናት ስንሞክር ከቀድሞው የጠነከረ ሆኖ የምናገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

የፊደል ማተሚያ ብረት በመዶሻ ሲመታ የሚሆነውም ይኸው ነው። ለምሳሌ ፊደሉ ብረቱን የሚነካበት ስፋት 2 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉም 2,000 ኒውተን ቢሆን፣ ግፊቱ 1,000 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል፤ ከተለመደው የአየር ግፊት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ብረቱ ይሸነፍና ፊደሉ ይሰምጣል። ነገር ግን ጫናው ከፊደሉ ወለል ላይ አይቆምም፤ ከሥሩ ወዳለው ብረት ዘልቆ ክሪስታሎቹን ያዛባል። ስለዚህ አንድ ማኅተም ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የምናየው ጉድጓድ፣ ሌላው ከጉድጓዱ በታች የተቀበረው የተጨነቀ ብረት። ፊደሉ እስኪጠፋ ድረስ የሞረደ ሰው የወሰደው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል።

የተቀበረውን ክፍል ለማውጣት የታወቁ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው በማግኔት ነው። የተጨነቀው ብረት የማግኔት ባሕርይው ከአካባቢው ስለሚለይ፣ ዕቃው ማግኔት ሆኖ ደቃቅ የብረት ብናኝ በፈሳሽ ሲፈስስበት ብናኙ የጠፋውን ፊደል ተከትሎ ሊሰበሰብ ይችላል። ይህ ዘዴ ዕቃውን ስለማይጎዳ ሁልጊዜ መቅደም ይኖርበታል። ሁለተኛው በኬሚካል ነው። የተጨነቀ ብረት በውስጡ ትርፍ ጉልበት ስላለው ከጎኑ ካለው ይልቅ ከአሲድ ጋር ፈጥኖ ይዋሐዳል። ለዚህ የሚያገለግለውና ከመዳብ ክሎራይድና ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚዘጋጀው ፈሳሽ፣ በክሩፕ ይሠራ በነበረው በጀርመናዊው ፍራይ ስም ይጠራል። ዘዴው ውጤታማ ቢሆንም ወለሉን ስለሚበላ ለፖሊስ ቤተ ሙከራ እንጂ ለቅርስ በቀላሉ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ከማይዝግ ብረት ላይ ተፍቆ የጠፋን ምልክት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አማካይነት፣ የክሪስታሎቹን መዛባት ነጥብ በነጥብ በመመዝገብ መልሰው ለማንበብ ችለዋል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ምልክት አልባ በሆነው ብረት ላይ በእነዚህ ዘዴዎች ጽሑፍ ከወጣ፣ ተመትቶ እንደነበረና እንደተፋቀ ተረጋገጠ። ምንም ካልወጣ ግን አልተመታም ብለን ለመደምደም አንቸኩል፤ በጥልቀት ተፍቆም ሊሆን ይችላል። መቼ ተፋቀ ለሚለው ደግሞ ሌላ ፍንጭ አለ። ፋብሪካዎች ጠመንጃውን ሠርተው ሲጨርሱ ብረቱን ጥቁር ሰማያዊ ሽፋን ያለብሱታል። ሽፋኑ በተፋቀው ቦታ ላይም ሳይቋረጥ የሚያልፍ ከሆነ መፋቁ ሽፋኑን ቀድሞታል፤ ሽፋኑ በሞረድ ተቆርጦ ባዶው ብረት ከታየ መፋቁ በኋላ የመጣ ነው። የተፋቀ ማውዘር ሁሉ ከእነዚያ አሥር ሺህ መካከል ነው ማለት ግን አይቻልም። ሰነድ፣ የቤተሰብ ምስክርነትና ብረቱ ሦስቱም መስማማት ይኖርባቸዋል።

በቤትና በሙዚየም ምን ማድረግ ይቻላል?

አብዛኛውን ምልክት ለማንበብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጨለም ያለ ክፍል፣ የእጅ ባትሪና አጉሊ መነጽር ይበቃሉ። ምሥጢሩ ብርሃኑን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ወለሉን ታክኮ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። 0.1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጽሑፍ ብርሃን በ60 ዲግሪ ቢያርፍበት የጥላው ርዝመት 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በ5 ዲግሪ ሲመጣ ግን ከ1.1 ሚሊ ሜትር በላይ ሊዘረጋ ይችላል። ጠባቡ የፊደል ጉድጓድ ሙሉ በሙሉ በጥላ ይሞላና በዓይን የማይታየው ጽሑፍ ይነበባል። ባትሪውን በዕቃው ዙሪያ እያዞሩ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ማንሣት ይገባል፤ ከአንዱ ጎን የተሰወረ መስመር ከሌላው ጎን ይገለጣልና።

ጥፋት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከጽዳት ነው። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት የቀረውን ጽሑፍ ይወስዳል። በእንጨት ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። የእንጨት ማኅተም የተጨፈለቀ ጭረት ስለሆነ፣ ሰደፉን በእርጥብ ጨርቅና በካውያ ሲያተኩሱት ጭረቱ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ማኅተሙም አብሮ ይጠፋል። ዝገት ቢኖር በቀላል ዘይት አርሶ በለስላሳ ጨርቅ ማንሣት ይበቃል። አዲስና አንጸባራቂ ማኅተም በአሮጌ ብረት ላይ ቢታይ ደግሞ መጠራጠር ተገቢ ነው። ምልክት ዋጋ በሚያወጣበት ገበያ ሐሰተኛ ምልክት አይጠፋምና።

ሕጉንም አንዘንጋ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አሮጌነት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥም ሊመረመር አይገባም።

ጉዳዩ ለምን አሳሳቢ ሆነ?

እ.ኤ.አ. ከ2010ሮቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ ክምችት የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ለሰብሳቢዎች ለሽያጭ ቀርበዋል። ማውዘርና ቤልጂግ፣ የጣሊያን ካርካኖና የፈረንሣይ ግራ ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። በአገሩ ሕግ አስመጪው ስሙንና ከተማውን በብረቱ ላይ መምታት ስለሚኖርበት፣ በአንበሳውና በግዕዝ አኃዙ አጠገብ አንድ ሌላ ንጣፍ ተጨምሯል። መሸጡ ይገባ ነበር ወይስ አይገባም የሚለውን ለሌሎች እንተወው። ለእኛ ጥያቄው ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዱ ምልክት ተነብቦ ተመዝግቦ ነበር ወይ የሚለው ነው። ጠመንጃው ቢሄድ ፎቶግራፉና መዝገቡ ይቀራሉ፤ ሁለቱም ከሌሉ ግን የትኛው በማይጨው እንደነበረ፣ የትኛው ከጠላት እንደተማረከ የሚጠይቅ ተመራማሪ ሰው አገር ሄዶ ይለምናል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። ኢትዮጵያ የፈረመችው የ2004ቱ የናይሮቢ ፕሮቶኮል አባል አገሮች ቀላል መሣሪያዎችን ምልክት እየመቱ እንዲመዘግቡ ይጠይቃል። ጥሩ መዝገብ ለነገው ፖሊስም ለነገው ታሪክ ጸሐፊም ያገለግላል።

ስለዚህ በመሣሪያ ግምጃ ቤት፣ በሙዚየምም ሆነ በአርበኛ ልጆች ቤት በፈቃድ የተያዘ አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ አንድ ገጽ መዝገብ ይገባዋል፤ የሠሪው ምልክት፣ ቁጥሩ ከነፊደሉ፣ የባለቤትነት ማኅተሞቹ በሙሉ፣ የተፋቁ ቦታዎች፣ ከጎን በበራ ብርሃን የተነሡ ፎቶግራፎችና ባለቤቱ የሚያውቀው ታሪክ። የተፋቀውን ቦታም «ምንም የለም» ብለን አንለፈው። እዚያ የሚጠብቀን ጽሑፍ ሊኖር ስለሚችል «የተፋቀ፣ ያልተመረመረ» ብለን እንመዝግበው።